በቱርክኛ መጋበዝንና በአክብሮት ማዘዝን እንዴት ለመድሁ

አንካራ የሄድሁት የቱርክ መንግሥት በሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ሲሆን፣ ዋናው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቱርክኛ መማር ነበረብኝ። የትእዛዝ አንቀጽን የተማርነው በሦስት ደረጃ ነው፤ ለቅርብ ሰው «ጌል» (ና)፣ ለብዙዎች ወይም ለሚከበር አንድ ሰው «ጌሊን»፣ ከዚያም ከፍ ሲል «ጌሊኒዝ»። የቅጥያው አናባቢ ግሡን እየተከተለ «ባክን» (ይመልከቱ)፣ «ኦቱሩን» (ይቀመጡ) ማለቱ በልምምድ የሚገባ ነገር ነው።

ደረጃው ግን ቃሉ በረዘመ ቁጥር ትሕትናው ይጨምራል የሚል ግምት ያሳድራል። ይህን ለማጣራት ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን ተጽፎ ያየሁትን፣ በሌላው ከሰው አፍ የሰማሁትን መመዝገብ ያዝሁ። ረዥሙ ቅርጽ የተከማቸው በጽሑፉ ወገን ነበር፤ በር ላይ «ኢቲኒዝ» (ይግፉ) እና «ቼኪኒዝ» (ይሳቡ)፣ ግድግዳ ላይ «ሲጋራ ኢችሜዪኒዝ» (ሲጋራ አያጭሱ)። እንግዳ የሚቀበል ሰው ግን «ኦቱሩን» ይላል፤ ይበልጥ ለማክበር ሲፈልግ ደግሞ ትእዛዙን ትቶ በአሉታ ይጠይቃል፦ «ኦቱርማዝ ምስንዝ?» (አይቀመጡም?)። እኛም በር ላይ የቆመን እንግዳ «አይገቡም እንዴ?» ስለምንል ይህ አላስቸገረኝም። «ቡዩሩን» ደግሞ ማዘዝ ከሚል ግሥ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ባለሱቁ ደንበኛ ሲጠራበት፣ አስተናጋጁ ሻይ ሲያቀርብበት፣ ስልክ ያነሣውም «አቤት» ሲልበት ይውላል። «ጌልሴኒዜ» (ይምጡ እንጂ) የሚለውን ግን እንደ ድምፁ ቃና ሞቅ ያለ ግብዣም ትዕግሥት ያለቀበት ጉትጎታም ስለሚሆን፣ ጀማሪ እየሰማ ቢቆይ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። እዚያ ትእዛዝ የሚሰጠው በትእዛዝ አንቀጽ ሳይሆን በመዝጊያው ግሥ ነው፤ ለበላዩ ወይም ለእኩያው የሚጽፍ «አርዝ ኤዴሪም» ብሎ ሲጨርስ፣ ለበታቹ የሚጽፍ «ሪጃ ኤዴሪም» ይላል። የእኛ አመልካች «በትሕትና አመለክታለሁ»፣ አለቃው ደግሞ «እናሳስባለን» እንደሚለው መሆኑ ነው። ይኸው «ሪጃ ኤዴሪም» በንግግር ላመሰገነ ሰው «ምንም አይደለም» ማለት ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ሲመጣ የጨዋ ትእዛዝ መሆኑን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ደብዳቤ ለበላይም ለበታችም በአንድነት ሲላክ ሁለቱን አጣምረው «አርዝ ቬ ሪጃ ኤዴሪም» ብለው ይዘጉታል።