የስፌት ቤታችንንም መኪናዬንም ከፀሐይ ለመሙላት ስሞክር የተማርኩት

ሳሪስ ባለችው የስፌት ቤታችን መብራት ሲጠፋ ስምንት ማሽን ባንዴ ዝም ይላል። ጄኔሬተር ቢኖረንም የነዳጁ ወጪ አማረረኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል እኔም የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፤ ያኔ ነው ሁለቱንም ከስፌት ቤቱ ጣሪያ ልሙላ ብዬ የተነሣሁት። እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ 10 የፀሐይ ፓነሎች፣ የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለማሽን ወደሚሆን የሚቀይር ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ አስገጠምኩ። በበጋ ጥሩ ቀን 25 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጠኛል።

መጀመሪያ መኪናውን ከሥራ በኋላ አመሻሽ ላይ እሰካው ነበር። ጠዋት ስንመጣ የስፌት ቤቱ ባትሪ ባዶ። አሁን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በ10 አምፔር ቀስ ብሎ ይሞላል፤ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይገባለታል፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደኛል። ቤቴ ደርሶ መልስ 30 አይሞላም። ፀሐይ ባለችበት ሰዓት መኪናዬ የሚቆመው ሥራ ቦታ ስለሆነ፣ ከቤቴ ጣሪያ ይልቅ ይኼኛው ይሻላል።

ብዙ ኃይል የሚስበው ደግሞ ካውያ ነው። ሁለት ካውያና መኪናው አንድ ላይ የተሰኩ ቀን ኢንቨርተሩ ጮኾ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚተኮሰው መኪናው ከተነቀለ በኋላ ነው፤ የጎደለውን ባትሪው ይሸፍናል።

ጠዋት ጠዋት ምርቱ ለምን እንደሚያንስ ለሳምንታት ግራ ገብቶኝ ነበር። የገጠመው ባለሙያም አላወቀውም። ያወቀው ዘበኛችን ነው። መሰላሉ ላይ እንደቆመ «ጋሼ፣ የሮቶው ጥላ እኮ ነው!» አለኝ። እውነትም ጥላው ሁለት ፓነል ላይ አርፏል፤ ፓነሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ ሁለቱ ሲጋረዱ የመስመሩ ጉልበት ይወርዳል። ሮቶውን ከፓነሎቹ በስተሰሜን አዛወርነው። አጠገባችን ሕንፃ ስለሚሠራ አቧራውን በየሁለት ሳምንቱ እናጥባለን፤ በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምርቱ ከግማሽ በታች የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ መኪናው ሌሊት ቤቴ ከመብራት ኃይል መስመር ይሞላል፣ ፓነሉ ለማሽኖቹ ይተዋል። ለክረምት ብሎ ተጨማሪ ባትሪ መግዛትን አልመክርም፤ ያ ገንዘብ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ለሚያወርድ ኧርዝ ገመድና ለመብረቅ መከላከያ ቢውል ይሻላል። ጄኔሬተሩንም አልሸጥኩትም። ከመስከረም ወዲህ ግን አልተነሣም።