መልስ ሳልሰጥበት ዝም ያሰኘሁት ድምፅ

በኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሁለተኛ ዓመቴን በያዝሁበት ጊዜ የሠራሁት አንድ ሥራ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር የቪዲዮ ትምህርት የሚያዘጋጁበትን የቤት ኮምፒውተር ይዘው መጡና ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ እንዲስማማ አድርጎ የሚያቀርበው ሣጥን፣ እንደሚጮህባቸው ነገሩኝ። ኮምፒውተሩ አንዱን ቪዲዮ አቀናብሮ እስኪጨርስ እርሳቸው የሚቀጥለውን ትምህርት ድምፅ ስለሚቀዱ፣ የማቀዝቀዣ ፋኑ ጩኸት ከድምፃቸው ጋር አብሮ ይቀዳባቸዋል። አስተዋይ ሰው ስለነበሩ፣ ጩኸቱ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ እንደማይሰማ፣ ማቀናበሩ ከተጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀስ በቀስ እየከረረ እንደሚሄድ፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ቶሎ እንደማይበርድ ዘርዝረው አስረዱኝ። ከዚያም «ልጄ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እናየዋለን» ብዬ ማሽኑን ተቀበልሁ እንጂ አልመለስሁላቸውም።

አለቃዬ ማሽኑን አስነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ካዳመጠው በኋላ፣ «ይኼ ድምፅ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ፋኑ ላይ ሬዚስተር ጨምርበትና ስጣቸው» አለኝ። ኤሌክትሪኩን በሚገታ በዚህ ትንሽ ዕቃ ፋን ማዘግየት በክፍላችን የተለመደ ዘዴ ነበር። ፓወር ሰፕላዩን ከፈትሁ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው የዋናው ካፓሲተር ቻርጅ ማለቁን በመልቲሜትር አረጋገጥሁ፤ በፋኑ ቀይ ሽቦ ላይ ሬዚስተር በይጄ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግሁት። ከኋላ የተገጠመችው ባለ 80 ሚሊሜትር ፋን ጸጥ አለች። መምህርቷ ሊወስዱ ሲመጡ ጆሯቸውን ወደ ኬዙ አስጠግተው ሰሙና አመስግነውኝ ሄዱ፤ እኔም ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ማሽኑ ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተሞከረ አልነሣም ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎ ቪዲዮ በሚያቀናብርበት መካከል ራሱን እያጠፋ መነሣት አመጣ፤ በመጨረሻም ጨርሶ እምቢ አለ። ፓወር ሰፕላዩን ስከፍተው በዝቅተኛው ቮልት በኩል ካሉት ካፓሲተሮች መካከል አራቱ አናታቸው አብጦ፣ አንዱም ቡናማ ፈሳሽ አውጥቶ አገኘሁት። ፋኗ ጤነኛ ነበረች፤ እኔ በወሰንሁላት ፍጥነት ጸጥ ብላ ትዞር ነበር።

የሆነውን ለመምህርቷ ነገርኋቸው፤ ሬዚስተሩንም አሳየኋቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ያበጡትን ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ተመለከቱና እንዲህ አሉኝ፦ «ያን ጊዜ ለምን እንደሚጮህ ጠይቄህ ነበር። አንተ ግን መልሱን ሳትነግረኝ ድምፁን ዝም አሰኘኸው።» ምንም የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ለካ መልሱን እርሳቸው ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚመጣ፣ ከሥራው ጋር የሚከርር፣ ሥራው ሲቆምም ቶሎ የማይበርድ ጩኸት የሙቀት ጩኸት ነው። ፋኗ የምትፈጥነው ውስጡ ስለጋለ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሙቀቱን ትቼ ሙቀቱን የምታወጣውን ፋን አዳከምሁ። በሙያው ሻካራ ስሌት እንደ እነዚያ ያለ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ የእነዚያን ካፓሲተሮች ዕድሜ ያሳጠርሁት በገዛ እጄ ነው።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ እንድመርጥላቸው ሲጠይቁኝ ሁለት ነገር ብቻ አሳሰቡኝ፤ ጸጥተኛና የማያሳፍር ይሁን፣ ገንዘባቸው ግን ብዙ አይደለም። አለቃዬ ይህን እንደሰማ መጋዘን ውስጥ ካሉት 600 ዋት ተብለው ከተጻፈባቸው አንዱን እንድገጥም አዘዘኝ። «ትልቅ ነው፤ አይጨናነቅም፤ ርካሽም ነው» አለ። በመካከላችን የቆየው ቅሬታ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ካርቶኑ ላይ 600 የሚል ትልቅ ቁጥር አለ። ጎኑ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ግን በ12 ቮልት መስመር ላይ የተጻፈው 22 አምፔር ነው። 12 በ22 ሲባዛ 264 ዋት ይሆናል። የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ኃይላቸውን የሚወስዱት ከሞላ ጎደል ከ12 ቮልቱ ስለሆነ፣ በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ተደምሮ 600 ያስባለው ቁጥር ለእርሳቸው ማሽን ፋይዳ አልነበረውም። ከአንድ የታወቀ አምራች የወጣውና ሌላ ቦታ ያየሁት 450 ዋት ደግሞ በዚያው መስመር 36 አምፔር ማለትም 432 ዋት ይሰጣል። ትንሽ የተባለው ከትልቁ እጅግ ይበልጥ ነበር። ይህን በወረቀት ላይ አስልቼ ለአለቃዬ ሳሳየው፣ «ደንበኛ አምፔር አይቆጥርም፤ የሚያየው ዋት ነው» አለኝ። እኔም ደንበኛዋ የሒሳብ መምህር መሆናቸውን ነገርሁት። እንደ ቀልድ ቆጠረው፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ወረቀቱን ለመምህርቷ ስሰጣቸው ስሌቱን ለማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም፤ ምርጫውም በዚያው ተቆረጠ።

ሙቀቱንም አስልቼላቸዋለሁ። ማሽናቸው ቪዲዮ ሲያቀናብር 200 ዋት ገደማ ይፈልጋል ብለን እንውሰድ። ብቃቱ 70 በመቶ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ይህን ለመስጠት ከግድግዳው 286 ዋት ገደማ ይስባል፤ 86ቱ ዋት እዚያው ውስጡ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 85 በመቶ ብቃት ያለው ግን 235 ዋት ገደማ ስቦ የሚያስቀረው ሙቀት 35 ዋት ብቻ ነው። ሙቀቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ፋኑ የሚፈጥንበት ምክንያት አይኖረውም፤ ካፓሲተሮቹም ዕድሜ ያገኛሉ። ጸጥታና አስተማማኝነት ሁለት የተለያዩ ምኞቶች ይመስሉኝ ነበር፤ የሁለቱም ምንጭ አንድ መሆኑን የተረዳሁት ይህን ስሌት ለእርሳቸው ስሠራ ነው። የመረጥሁት 450 ዋት 80 ፕላስ ብሮንዝ የተባለው የኃይል ብቃት ምስክር ወረቀት ያለው ነበር፤ 200 ዋት ለእርሱ ወደ ግማሽ ጭነት ስለሚጠጋ የሚሠራው ምቹ በሆነው ቦታው ላይ ነው።

ነገር ግን ምስክር ወረቀቱን ብቻ አምኜ አልገዛሁም፤ በዚህ በኩል ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። 80 ፕላስ የሚመሰክረው ስለ ኃይል ብቃት ብቻ ነው። ፋኑ በምን ዓይነት ኩሽኔታ ላይ እንደሚዞር፣ ካፓሲተሮቹ ለ85 ወይስ ለ105 ዲግሪ እንደተሠሩ፣ ጭነት ሲበዛ ወይም ሽቦ ሲነካካ ራሱን ስለ ማጥፋቱ አንዳች አይናገርም። ስለዚህ መሣሪያ ባላቸው ሰዎች ተከፍቶና በሙሉ ጭነት ተፈትኖ የተጻፈበትን ነገር ፈልጌ አነበብሁ። ለኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዮች በወጣው በኤቲኤክስ ደረጃ 12 ቮልቱ ከ11.4 በታችና ከ12.6 በላይ መሄድ የለበትም፤ በላዩ ላይ የሚዋዥቀው ሪፕል ደግሞ ከ120 ሚሊቮልት ማለፍ የለበትም፤ ይህንን ሁለተኛውን በእኛ መልቲሜትር ማየት ስለማይቻል የቮልቱን ውጣ ውረድ በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ምስክርነት ያስፈልጋል። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን መሆኑንም አየሁ፤ ትልቅ ፋን ያንኑ አየር በዝግታ ዞሮ ያሳልፋልና። አምራቹ የሰጠው የዋስትና ዘመን በመጋዘናችን ካለው 600 ዋት በብዙ ይረዝም ነበር፤ ከማስታወቂያው ሁሉ ይበልጥ ያመንሁት ይህንን ነው።

ገጥሜ ጨርሼ ቪዲዮ እያቀናበረ ለአንድ ሰዓት አቆየሁት። 12 ቮልቱ ያለ ጭነት 12.05፣ በጭነት 11.97 ሆኖ ቆመ። መምህርቷ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። «አሁንስ ለምን ዝም አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ በዚህ ጊዜ መልስ ነበረኝ፤ «የሚያወጣው ሙቀት ስለቀነሰ ነው» አልኋቸው።

ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ቅጽበት ግን ከፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማን። የኮይል ፉጨት ነው፤ በኮይሉ፣ ማለትም በተጠቀለለው ሽቦ፣ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ሲለዋወጥ ኮይሉ እየተንቀጠቀጠ የሚያወጣው ድምፅ ነው። አሮጌው ፋን እየጮኸ ቢሆን ኖሮ አንሰማውም ነበር። ዕቃውን የሚጎዳ ነገር አይደለም፤ ባነበብሁት ፈተና ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስለሚለያይ አስቀድሜ ላውቀውም አልችልም ነበር። ምንነቱንና ከየት እንደሚመጣ አስረዳኋቸው፤ ልቀይርላቸው እንደምችልም ነገርኋቸው። ሲቀዱ ማሽኑ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ ፉጨቱ እንደማይደርስባቸው አስበው ይኸው ይሁን አሉ።

በሥራ መዝገቡ ላይ «ፋኑ በጭነትም ጸጥተኛ ነው፤ ያለ ጭነት ቀጭን የኮይል ፉጨት ይሰማል፤ ለደንበኛዋ ተነግሯቸዋል» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ሲያነበው የመካከለኛውን ሐረግ እንድሰርዝ ጠየቀኝ፤ ደንበኛ ጉድለት ተጽፎለት አይሄድም አለ። አልሰረዝሁትም። መምህርቷ ከሥሩ ፈርመው ኮምፒውተራቸውን ወሰዱ።