ጅራታም ኮከብ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ጅራታም ኮከብ ኮከብ አይደለም፤ ፀሐይን በተለጠጠ ሞላላ ምሕዋር የሚዞር የበረዶና የአቧራ ጓል ነው። ምሕዋሩ የተዘጋ ስለሆነ ይመለሳል፦ ኤንኬ የተባለው ጅራታም ኮከብ በ3.3 ዓመት፣ ሃሌይ የተባለው በ76 ዓመት ገደማ። ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቷል፤ ቀጣዩ 2061 ነው። ቀጠሮው ግን ዝንፍ ይላል፤ የጁፒተር ስበት ሲያፈጥነው ወይም ሲያዘገየው ዙሩ ያጥራል ወይም ይረዝማል።

የሚደምቀው ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆንና አቧራውን ይዞ ይወጣል። ጅራቱ ምንጊዜም ከፀሐይ ይሸሻል፤ ስለዚህ አካሉ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ከፊት ይቀድማል (ጅራት መባሉ ራሱ ያስቃል)።

በተነገረው የድምቀት ቁጥር አትታለሉ። ብርሃኑ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን፣ እኩል ቁጥር ካለው ኮከብ ይልቅ ለማየት ያስቸግራል። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ምረጡ፤ ዓይናችሁን ቢያንስ 20 ደቂቃ ከጨለማው ጋር አላምዱ፤ 10 በ50 ባይኖኩላር (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የሩቅ ማያ መነጽር) ይበቃል። ስልክ ከከፈታችሁ ግን እንደገና ከዜሮ ነው።