የወረቀቱ እጥፋት

አምስት ዓመት የሞላት ልጄ የቅጠል አክሊል እንድንሠራ ከጠየቀችኝ ሰንብቷል። እሑድ ዕለት አረንጓዴና ቢጫ ወረቀት፣ ክብ ጫፍ ያለው መቀስና ሙጫ ይዘን ተቀመጥን።

የጭንቅላቷን ዙሪያ በክር ለካሁት፤ 51 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የኤ4 ወረቀት ረጅሙ ጎን 29.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቀጣጠልሁ። ቅጠሎቹ ተለጥፈው ሳያልቁ ግን ክቡን አልዘጋሁትም። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ለትንንሽ እጆች ይመቻል።

ዋናው ሥራ ቅጠሉ ነው። ሙሉ ቅጠል ሥሎ ዙሪያውን መቁረጥ ልጅን ያደክማል፤ ግራና ቀኙም አይመጣጠንም። ስለዚህ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈን፣ በእጥፋቱ በኩል ግማሽ ቅጠል ብቻ ሣልን። "መቀሱን አታዙሪው የኔ እናት፣ ወረቀቱን አዙሪው" አልኋት። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ቀስ እያለች ቆረጠች። የቆረጠችውን ስትዘረጋው ዓይኗ ፈጠጠ። "እማዬ፣ መሐሉ ላይ መስመር አለው!" እጥፋቱ የቅጠሉ ጅማት ሆኖ ቀርቷል! ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? ከመሐል ወደ ዳር በጥፍሯ እየጫረች ቀጫጭኖቹን ጅማቶች ራሷ ጨመረችላቸው። እኔ በእርሳስ ብሥላቸው ኖሮ እንዲህ አያምሩም ነበር።

ሦስት ቅጠል በሙጫ ብዛት ተበላሽቶብናል፤ ወረቀት የፈሳሽ ሙጫውን ውሃ ሲጠጣ ይሸበሸባል። ከቅጠሉ ግርጌ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ጫፉ ነጻ ሲሆን ደግሞ ልጅቷ ስትራመድ ይወዛወዛል።

እየለጠፍን ሳለ በጥንቷ ግሪክ በኦሊምፒያ ላሸነፈ ሰው የሚደፋለት የዱር ወይራ ቅጠል አክሊል እንደነበረ ነገርኋት። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ በተካሄደው ኦሊምፒክም አሸናፊዎች ከሜዳሊያው ጋር የወይራ አክሊል ደፍተው ነበር። "ወርቅ ሳይሆን ቅጠል?" አለችና የያዘችውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ በኋላ አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ በከፊል እንዲደረብ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዘነብል አደረግን። ሃያ ሁለት ቅጠል ገባ።

መዝጊያውን በስቴፕለር መታሁት፤ የሽቦው ሹል ጫፍ ፀጉር እንዳይዝ ወደ ውጭ አዙሬ በፕላስተር ሸፈንሁት። ደፍታው መስታወት ዘንድ ሄደች። ስትመለስ በአንድ እጇ አሻንጉሊቷን፣ በሌላው የመለኪያውን ክር ይዛ ነበር።