ጵ ሃኖይ ስትገባ

በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሥራ የሚገባው ሌላው ሰው ሲወጣ ነው። ልጆቹ ቀኑን መደበኛ ትምህርት ቤት ይውሉና አመሻሽ ላይ ከእናት ከአባታቸው ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጠው መጥተው ቋንቋ ማሰልጠኛው በር ላይ ይራገፋሉ። ቅዳሜና እሁድማ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። የኔ ዕረፍት ሰኞ ነበር። ሰኞ ደግሞ ከማን ጋር ቡና ይጠጣል?

ዲግሪው፣ የማስተማር ሰርተፊኬቱ፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃው፣ የሥራ ፈቃዱ... የወረቀቱን ጣጣ ልተወው። ከወረቀቱ የባሰው አገሬ ነበር። ብዙ ቦታ የሚፈለገው አፍ የፈታው በእንግሊዝኛ የሆነ ሰው ነው፤ ወላጅም ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚያ ነው። የቀጠረኝ ሥራ አስኪያጅ በትህትና፣ ሻይ እየቀዳልኝ፣ «ወላጆች ከጠየቁህ ከአሜሪካ ነኝ በል» አለኝ። ብር ያስፈልገኝ ነበር። እሺ አልኩ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ልጆቹ ስለ አሜሪካ ግድ የላቸውም። የነሱ ጉዳይ ፀጉሬ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ተሰልፈው አንድ በአንድ ነካክተውት አለፉ። ከዚያ «ቲቸር! ቲቸር!» ብለው ሲንጫጩ፣ ዓይኔን ብጨፍን አዲስ አበባ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ።

የሚቸግራቸው የቃል መጨረሻ ነው። በቬትናምኛ ቃል በ«ስ» ወይም በ«ፍ» አያልቅም፤ ስለዚህ «ሃውስ» «ሃው» ይሆናል፣ «ናይፍ»ም «ናይስ»ም ያው «ናይ» ናቸው። ለ«ስ» እባብ ሆነን ወለሉ ላይ ተሳብን። «ፒዛ»ን ደግሞ «ቢዛ» ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ፤ አያቴም ፖሊስን «ቦሊስ» ነበር የምትለው። እናም አንድ ቁራጭ ወረቀት አፌ ፊት ይዤ «ፒ» አልኩ። ወረቀቷ ተርገበገበች። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ወረቀት ይዞ መትፋት ጀመረ።

እዚህ ላይ ጉራዬ መጣ። ወረቀቱን እንደያዝኩ «ኢትዮጵያ» አልኩ፣ ጵን ጠበቅ አድርጌ። ድምፁ ቷ ብሎ ወጣ፣ ወረቀቱ ግን እምብዛም ንቅንቅ አላለም። ጸጥ አሉ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ተነስታ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፣ ቀጥሎ አፌን። እንደገና አስባለችኝ። «ምንድነው?» አለች። ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ወስጃት ጣቷን አዲስ አበባ ላይ አሳረፍኩት። «የኔ ቤት» አልኳት።

ማታ ዝናብ ነበር። ወላጆች ዝናብ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ሆኖ በፈገግታ ይሸኛል። ልጅቷ ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ፣ ከፕላስቲኩ ስር ጭንቅላቷን ብቻ ብቅ አድርጋ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ «ቲቸር! ኢ-ቲ-ዮ-ቢ-ያ!» ብላ ጮኸች። ጵዋ አልወጣችላትም። ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ዝናቡን አየሁ።