ላም የማትከፍተው፣ አላቢ የማይሰለቸው መቀርቀሪያ

ቢሾፍቱ አካባቢ ጥቂት የወተት ላሞች አሉኝ። ለበረቱ አዲስ በር ሳሠራ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ደህና ጓጉንቸር ግዛ" ነበር ያለኝ። ጓጉንቸር ለሌባ ነው። ቀኑን ሙሉ በሩን የሚፈትኑት ላሞቹ ናቸው፣ ሳይዘጉት የሚሄዱት ደግሞ ሰዎች። ስለዚህ የፈለግኩት ለላም የሚከብድ፣ ለሰው የሚቀል ነገር ነው።

ላም በምላሷ የማትሠራው የለም። አንዷ ጊደሬ የሽቦ ቀለበቱን በምላሷ ጠቅልላ ወደ ላይ ስትገፋው ቆሜ አይቻለሁ። ከወጣች ደግሞ ችግሩ ከጎረቤት መጣላት ብቻ አይደለም። ያለ ልክ እህል ወይም የተፈጨ መኖ የበላች ላም ሆዷ ውስጥ አሲድ ይበዛና ልትሞት ትችላለች።

ሰንሰለት ርካሽ ነው፣ በሩ ቢዘምም ይይዛል። ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ባልዲ የያዘ አላቢ "አሁን እመለሳለሁ" ብሎ እንዲሁ ጣል ያደርገውና ይሄዳል። በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራው መቀርቀሪያ፣ ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ የሚዘጋው፣ ሲያዩት ያምራል። የኛ በረት ጭቃና እበት ግን ሞላውን አያኖረውም።

በመጨረሻ በያጁን ተንሸራታች መቀርቀሪያ አሠራሁት። ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተተው ዘንግ ለስላሳ ክብ ብረት ነው። በያጁ ፌሮ ላድርግልህ ብሎኝ ነበር፤ የፌሮ ጥርስ ቱቦው ውስጥ ስለሚይዝ እምቢ አልኩ። ዋናው ብልሃት እጀታው ላይ ነው፤ ሲዘጋ በራሱ ክብደት ወደ ታች ወድቆ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ለመክፈት መጀመሪያ ማንሳት፣ ከዚያ መሳብ ያስፈልጋል። ሰው በአንድ እጁ ያደርገዋል። ላም ብትገፋው፣ ብትታከከው ንቅንቅ አይልም። ማታ እጀታው ባረፈበት ላይ ጓጉንቸሩ ይገባል።

ቋሚው ላይ ያለውን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ቁመቱ ረዘም ያለ አስደረግኩት። የኛ አፈር መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ልክክ ብሎ የተሠራ ቀዳዳ ሐምሌ ላይ ዘንጉን አያስገባም፣ ከዚያ ሰዉ በድንጋይ መምታት ይጀምራል።

ማጠፊያውንም አትርሱት። የላይኛውን ፒን ወደ ታች ገልብጦ ማስበየድ ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ካዩ ላም አንገቷን ከበሩ ሥር አስገብታ ቀና ስትል በሩ ከነመቀርቀሪያው ይነቀላል። ሌባም እንደዚያው ያደርጋል፣ ጓጉንቸሩን ሳይነካ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ብረቱ እንዲለሰልስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። ላሞች ይልሱታል፣ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ይመርዛቸዋል። እኔ ትንሽ የምግብ ዘይት ቱቦው ውስጥ ጠብ አደርጋለሁ። ቶሎ ቶሎ መድገም አለበት፣ ይሁን።