ርካሽ ጊታር ስመርጥ ከአገሩ በፊት ነቱን አያለሁ

ርካሽ ጊታር ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ቻይና ነው?» የሚል ነው። የጊታሩ ራስ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ እኔም አነባለሁ፤ የምፈልገው ግን ፋብሪካውን ነው። ኢንዶኔዥያ፣ ሱራባያ አካባቢ የሚሠራው ኮርቴክ «ኮርት» በሚለው በራሱ ስም ያመርታል፤ የፌንደር ርካሽ ስም ለሆነው ለስኳየርና ለፒአርኤስ ርካሽ መስመር ለኤስኢም ይሠራል። ጊብሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይና፣ ቺንግዳኦ ውስጥ ፋብሪካ ከፍቶ ርካሽ ስሙን ኤፒፎንን እዚያ ያስመርታል። ስኳየር እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጀመር የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ኮሪያ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ቻይናና ኢንዶኔዥያ። ሥራው የሄደው ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ነው። ያኔ «ርካሽ» የተባሉትን የጃፓን ስኳየሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል።

ስኳየር ላይ መለያ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ«አይ ሲ ኤስ» (ICS) ከጀመረ ኢንዶኔዥያ ኮርቴክ፣ በ«አይ ኤስ ኤስ» (ISS) ከሆነ ሳሚክ የተባለው ሌላ ፋብሪካ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሠራው ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያሳያሉ።

አንድ ኩባንያ ርካሹንም ውዱንም ከሠራ ልዩነቱ ከምን ይመጣል? ዋጋው ከሚፈቅደው የሥራ ሰዓትና ዕቃ። ገንዘብ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእጅ ሥራ ነው፦ የፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ብረቶች) ጫፍ ማለስለስና የነት (ክሮቹ በአንገቱ ራስ በኩል የሚያርፉበት ቁራጭ) ስንጥቅ፣ ማለት ክሩ የሚገባበትን ቦይ፣ በልኩ መቁረጥ። እንጨቱም ላይ ነገሩ ይኸው ነው። የያማሃ ኤፍ310 ፊት እንደ ኮምፔንሳቶ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፤ የኤፍጂ800 ፊት ግን ስፕሩስ የተባለ ወጥ እንጨት ነው። ስሙ አንድ፣ ጊታሩ ሁለት። ለአዲስ አበባ የበጋ ደረቅ አየር ግን ተደራራቢው ይበልጥ ይታገሣል፤ ወጡ ድምፁ የተሻለ ቢሆንም መሰንጠቅ ይቀናዋል። ለጀማሪ ተደራራቢውን ብመክር አላፍርም።

ሱቅ ውስጥ ከቅኝት መፈተሻ ሌላ ምንም አልይዝም። መጀመሪያ ጣቴን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳልፋለሁ፤ የሚቧጥጥ ከሆነ አንገቱ ደርቆ ተኮማትሮ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ስድስቱንም ክሮች በየተራ 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭኜ በ1ኛው ፍሬትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት አያለሁ። ለዓይን በጭንቅ የሚታይ መሆን አለበት። ሰፋ ካለ የነቱ ስንጥቅ አልጠለቀም፤ ቅኝቱ ልክ ሆኖ 1ኛው ፍሬት ላይ የሚያዘው ኤፍ ኮርድ የሚሻክረው፣ ጀማሪውም ጣቱን እያመመው የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ 12ኛውን ፍሬት ተጭኜ የሚሰማውን ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ሳይጫኑ በመንካት ከሚወጣው ሃርሞኒክ ጋር አስተያያለሁ። ክሩ አዲስ ሆኖ ብዙ ከተራራቁ፣ በተለይ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚያዙበት እንጨት) በተጣበቀበት ቦክስ ጊታር ላይ፣ አልገዛም። ነት ይስተካከላል፤ ብሪጅን ነቅሎ ማዛወር ግን ጊታሩ ከሚያወጣው በላይ ያስወጣል።

ቤት ከገባ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ አንገት፣ ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ቁራጭ)፣ ነት። ይህ ከተዛባ የተሠራው ሁሉ እንደገና ይሠራል። ለአንገቱ 6ኛውን (ወፍራሙን) ክር 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ ይዤ መሐል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እለካለሁ። የምፈልገው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለመለኪያ ሌላ ዕቃ መፈለግ አያሻም፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ቀጭኑ 0.009 ኢንች ክር 0.23 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱን ቆርጦ ማስገባት ይበቃል። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ በብሩጎላ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አዞራለሁ፣ ቃኝቼ አድራለሁ፣ በማግስቱ እለካለሁ። እምቢ ያለውን በጉልበት ማዞር ትረስ ሮዱን ይበጥሳል፤ ያ ከሆነ የርካሽ ጊታር ነገር አበቃ።

ቀጥሎ የክሩ ከፍታ። 12ኛው ፍሬት ላይ ለቦክስ ጊታር ወፍራሙ ክር 2.5፣ ቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ይስማማኛል። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ እዚያ 0.5 ለመቀነስ ከሳድሉ ሥር 1 ሚሊ ሜትር መነሣት አለበት። ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ የምቆምበትን በእርሳስ አስምሬ፣ ሳድሉን ቀጥ አድርጌ እፈገፍጋለሁ። ሥሩ ከተጣመመ ብሪጁ ላይ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፣ ድምፁም ይሞታል።

የነቱን ስንጥቅ ለማጥለቅ ልዩ ሞረድ ውድ ነው። የጋዝ ብየዳ አፍ ማጽጃ ሽቦዎች በየውፍረቱ ስላሉ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ሁለት ሦስቴ ሞርዶ ክሩን መልሶ ማየት ያስፈልጋል፤ ዝንባሌው ወደ መቃኛ ቁልፎቹ ይሁን። ከመጠን በላይ ከጠለቀ ክሩ ሳይጫኑት ይንጫጫል። ያኔ ስንጥቁን በቤኪንግ ሶዳ ሞልቶ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ማድረግ፣ ከደረቀ በኋላ እንደገና መሞረድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወቅቱ ላይ ነው። በክረምት ሣጥኑ እርጥበት ጠጥቶ ፊቱ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። ሐምሌ ላይ ከፍ አለ ብሎ ሳድል የፈገፈገ ሰው ታኅሣሥ ላይ፣ ፊቱ ደርቆ ሲወርድ፣ ክሩ ፍሬት እየነካ ይንጫጫበታል። ስለዚህ ሳድል የምነካው በበጋ ነው። የፍሬት ጫፍ ሲወጣም ወዲያው አልሞርድም። የተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ እዘጋበታለሁ፤ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ሆኖ ሁለት ሳምንት ከቆየ ብዙው ጫፍ ተመልሶ ይገባል። የቀረውን በ45 ዲግሪ በትንሽ ሞረድ እሞርዳለሁ። ስፖንጁ መጨመቅ አለበት፤ የሚንጠባጠብ ውኃ የብሪጁን ሙጫ ያላቅቃል።